ሽመላዋን ምን ብለን እንጠይቃት? መጸው፣ ውሃና ናፍቆት በእኛ ትውልድ ጽሑፍ

በዓላቱ አልፈው፣ ሱካው ከየበረንዳው ወርዶ፣ «አሐሬ ሐጊም» የሚባለው ጊዜ ሲገባ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በመካከላችን ይበዛል። አንድ ሰው ብቻውን በባሕሩ ዳር ይራመዳል። ነፋስ አለ፣ ደመና አለ፣ ቅጠል ይረግፋል። ማዕበሉን እያየ አገር ቤት በዓይኑ ይሄድበታል፦ ጎጆ፣ የቡና ጭስ፣ የአያት ሻሽ፣ ተራራ። በመጨረሻም «ቤቴ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ያበቃል። እንዲህ ያለውን በግጥም ምሽት ሰምቻለሁ፣ በተማሪዎች መጽሔት አንብቤአለሁ፣ እዚሁ አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር ያሉ ወጣቶችም ከስልካቸው አውጥተው አሳይተውኛል።

በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ማላገጥ ቀላል ነው። ማላገጥ ግን ምንም አያስተምርም፤ የጻፈው ልጅ የተሰማው ነገር እውነት ነውና። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ለዚህ እውነተኛ ስሜት የምንጠቀምባቸው ዕቃዎች፣ ማለትም ቅጠሉ፣ ደመናው፣ ብቸኛው ተራማጅ፣ ከየት መጡ? ከእኛ ቤትስ ምን ዓይነት መጸው፣ ምን ዓይነት ውሃ፣ ምን ዓይነት ናፍቆት ነበር? ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ በእጃችን ያለው ነገር ከምናስበው በላይ ብዙ መሆኑን እናያለን። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ስታቭና መጸው

ጋን የሄድን ሁሉ የስታቭን ምልክቶች በቃላችን እናውቃለን፦ ሐጻቭ የምትባለው ረጅም ነጭ አበባ፣ ናኽልኤሊ የምትባለው ጅራቷን የምታወዛውዝ ወፍ፣ ደመናና የሚረግፍ ቅጠል። ጋኔኔቷ በወረቀት ላይ ቢጫና ቀይ ቅጠል ስታስለጥፈን ውለናል። ወደ ውጪ ስንወጣ ግን በሰፈራችን ፊከሱ አረንጓዴ ነው፣ ዘንባባውም አረንጓዴ ነው። በጠረፉ ከተማ መንገዱን በቅጠል የሚሞላ ቀይ ጫካ የለም። የሚረግፈው ቅጠል ከአውሮፓ ግጥም ወደ ዕብራይስጥ ግጥም የመጣ እንግዳ ነው። ዕብራይስጡ የተዋሰውን እኛ ደግሞ መልሰን ስንዋስ፣ የሁለት አገር ተውሶ ተሸክመን ስለ ራሳችን ቤት እንናገራለን ማለት ነው።

«ስታቭ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመኃልየ መኃልይ ነው፤ እዚያም የቅጠል መርገፍ ወቅት ማለት አይደለም፣ የዝናብ ወቅት ማለት ነው። የአማርኛው ትርጉም በቦታው ያስቀመጠው ቃል «ክረምት» ነው። ስለዚህ አባቶቻችን በአማርኛ ያነበቡት «ስታቭ» እና እኛ በጋን የለጠፍነው «ስታቭ» አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ መጸው እንምጣ። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። በዚህ ጊዜ በጎንደር ደጋ ዝናቡ አቁሟል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አላለቀም፣ እህሉ ወደ መብሰሉ ነው። መጸው የአበባና የእሸት ወቅት ነው። አንድ ነገር ማለቁን የሚናገር ወቅት አይደለም። «መጸው» ብለን ስንተረጉም መዝገበ ቃላቱ «ልክ ነህ» ይለናል፤ አያታችን ግን ያንን ቃል ሰምታ ለምን እንደምናዝን ግራ ይገባታል። አበባ በፈነዳበት ወር ማን ያለቅሳል?

ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው የዝናቡ ነገር ነው። እዚህ አገር ከሔሽቫን 7 ጀምሮ በጸሎት ውስጥ ዝናብ ይለመናል። ምድሩ ከግንቦት ጀምሮ ደርቆ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬው፣ በረከት ነው። በጎንደር ገበሬ ዘንድ ግን በዚሁ ወር ገደማ የሚመጣ ዝናብ ያስፈራል፤ ሊታጨድ የደረሰውን ጤፍ ያበላሻልና። አንዱ አገር «ና» ይለዋል፣ ሌላው «አደራህን አትምጣ» ይለዋል። በዚህ መሃል የተወለደ ልጅ ስለ አንዲት የጥቅምት ደመና ሲጽፍ፣ ያቺ ደመና ሁለት ትርጉም እንዳላት ካወቀ ግማሹን ግጥም ደመናዋ ራሷ ትጽፍለታለች። ሳያውቅ ሲቀር ግን ደመናዋ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ልስጥ። ኢትዮጵያም እዚህም በብዛት የሚገኝ ዛፍ አለ፦ ዕብራይስጡ ኤቃሊፕቱስ የሚለው፣ አማርኛው «ባሕር ዛፍ» የሚለው። ባሕር ዛፍ የተባለው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ወደዚህ ምድርም በ19ኛው መቶ ዘመን መጥቶ ተተከለ። በሁለቱም አገር ኦሌ ነው ማለት ይቻላል። ቅጠሉ በስታቭ አይረግፍም። ከዝናብ በኋላ ሽታው ብዙ ሽማግሌዎችን በመንገድ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ስለ ናፍቆት መጻፍ የሚፈልግ ልጅ ይህን ዛፍ በየቀኑ እያለፈው የአውሮፓን ቅጠል ለምን ይፈልጋል?

የወንዜ ልጅ

ስለ ውሃውም እንዲሁ ነው። በምናነባቸው ጽሑፎች ውስጥ ውሃው ሁልጊዜ ባሕር ነው፤ ሰውየው ከዳር ቆሞ ያየዋል፣ ማዶው አይታይም፣ ማዶው ናፍቆት ነው። ይህም ከዕብራይስጡና ከአውሮፓው የፍቅር ግጥም የመጣ አቋቋም ነው። በአማርኛ ግን ውሃ የመለያያ ቦታ ብቻ አይደለም። ከአንድ አካባቢ የመጣን ሰው «የወንዜ ልጅ» እንለዋለን። አገር በካርታ ከመሰመሩ በፊት በወንዝ ይታወቅ ነበር፦ ከአንድ ወንዝ የጠጣ ዘመድ ነው። ስለዚህ «ቤቴ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቋንቋው ራሱ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ቤትህ የጠጣኸው ውሃ ያለበት ነው።

ለቤተ እስራኤል ደግሞ ውሃው ከዚህም ያለፈ ትርጉም ነበረው። መንደሮቻችን በወንዝ አጠገብ የሚሠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የመንጻት ሥርዓት ያለ ወራጅ ውሃ አይሆንም። ጎረቤቶቻቸው «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሏቸው እንደነበር ተጽፏል። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ጠርዝ ባለች ጎጆ ትቆያለች፤ ቀኗን ጨርሳ፣ ወንዝ ወርዳ፣ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሥርዓቱን ለማሞገስ አይደለም ይህን የማነሳው፤ በእሱ ያለፉ እናቶችን ብትጠይቋቸው አንዷ ዕረፍት ነበር ትላችኋለች፣ ሌላዋ ብርድ ነበር ትላችኋለች። የማነሳው ለሥነ ጽሑፍ ያለውን ትርጉም ነው። በዚያ ዓለም ወደ ውሃ ዳር መሄድ ማለት ወደ ቤት ለመመለስ የመጨረሻው እርምጃ ማለት ነው። ወንዙ የሚያርቅ አልነበረም፣ የሚመልስ ነበር። በአሽቀሎን ባሕር ዳር የምትራመድ ወጣት ሴት ስለ አያቷ ስትጽፍ ይህን ብታውቅ፣ ውሃውና ቤቱ እንዴት እንደተያያዙ ማብራራት አያስፈልጋትም ነበር።

በቋንቋው ውስጥ የሚያስቅ ነገርም አለ። «በባሕር ዳር ተራመድኩ» ብላችሁ ለአያታችሁ ብታነቡላት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ «መቼ ሄድሽ?» ብላ ነው። ባሕር ዳር ለእሷ ጣና ሐይቅ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለጎንደር ሰው ጣናም «ባሕር» ነው። ብዙዎቹ አያቶቻችን ጨው ያለውን ባሕር ያዩት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያዩት ባሕርም እንደ እኛ ታዬሌት አልነበረም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች ከነበሩት መካከል የተወሰኑት በሌሊት በጭነት መኪና ወደ ቀይ ባሕር ዳር ተወስደው፣ በጎማ ጀልባ ወደ እስራኤል መርከብ ተሻግረዋል። የሽፋኑ ሥራ አሩስ በምትባል የጠላቂዎች መዝናኛ መንደር ነበር። ስለዚህ ታሪክ ጊድዮን ራፍ በ2019 ፊልም ሠርቷል። በፊልሙ ውስጥ ባሕሩ የወኪሎቹ ነው፦ ይዋኛሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይደፍራሉ። በመኪናው ላይ የተጫኑት ሰዎች አብዛኞቹ ስም እንኳ የላቸውም። በፈረደ አክሉም ሕይወት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ገጸ ባሕርይ እንኳ ከአለቃው ጀርባ ይቆማል። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ በጨለማ ያየች አንዲት የጎንደር ሴት ምን አሰበች? ያ ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ የለም። እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

አሁን ደግሞ መጸውንና ውሃን አንድ ላይ አስቡ። በክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ መንደር ከመንደር ይቆራረጣል። መጸው ሲገባ ወንዙ ይጎድላል፣ መሻገሪያው ይከፈታል። ልክ በዚያ ጊዜ፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29፣ ስግድ ይመጣል። ሰዎች ከሩቅ መንደር ወንዝ እየተሻገሩ፣ ነጭ ለብሰው፣ እንደ አምቦበር ወዳለ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ተራራ ይወጣሉ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ያነባሉ፣ ይጾማሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዳሉ፣ ከዚያ ወርደው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ። እንግዲህ የእኛ ባህል የራሱ «የመጸው ጉዞ በውሃ ዳርና የቤት ናፍቆት» አለው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ያ ጉዞ የብቸኛ ሰው ጉዞ አልነበረም። ናፍቆት ቀን ተቆርጦለት፣ በጋራ፣ በእግር የሚሠራ ሥራ ነበር። በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ሲሆን፣ የታወቀው በዓሉ ብቻ አይደለም፤ ይህ ናፍቆትን በጋራ የመያዝ ጥበብም ነው።

ሽመላዋ

ከመዝሙሮቻችን ሁሉ በጣም አጭሩና በጣም የሚታወቀው የሕፃናቱ የሽመላ መዝሙር ነው። ሽመላ፣ ሐሲዳ፣ በሰማይ ስታልፍ ልጆች እየሮጡ አገራቸው ኢየሩሳሌም ደኅና መሆኗን ይጠይቋታል። ሌላ ነገር የለውም። ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተነው «ደስ ይላል» ብለን አልፈነዋል። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ቀርቦ ሲታይ ግን ሦስት ነገር ያስተምራል።

አንደኛ፣ ወፏ ምልክት ብቻ አይደለችም፣ እውነተኛ ተጓዥ ናት። ነጭ ሽመላዎች በበጋው መጨረሻ ከአውሮፓ ተነሥተው፣ በመቶ ሺህ እየተቆጠሩ በዚህች ጠባብ ምድር በኩል ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ በጸደይ ይመለሳሉ። በክረምቱ መውጫ ኢትዮጵያ የደረሰች ሽመላ በእርግጥ በዚህ በኩል አልፋ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ የጠየቁት መረጃ ያለውን አካል ነው።

ሁለተኛ፣ መዝሙሩ ጥያቄ ነው። ናፍቆቱን አይተነትንም፣ ኢየሩሳሌም ምን እንደምትመስል አይዘረዝርም። ደኅና ናት ወይ ይላል፤ እኛ ለሰው የምናቀርበውን ተራ ሰላምታ ለአገር ያቀርባል። አገርን እንደ ዘመድ ማየት ማለት ይህ ነው፦ ዘመድን አትገልጸውም፣ ደኅንነቱን ትጠይቃለህ።

ሦስተኛ፣ አቅጣጫው። እዚህ ተወልደን በመስከረም ሰማይ ሽመላ ስናይ፣ ወፏ የምትሄደው ከእኛ ወደ እነሱ አገር ነው። አያቶቻችን ከኢየሩሳሌም የመጣችውን ወፍ ስለ ኢየሩሳሌም ጠየቁ። እኛ ወደ ጎንደር የምትሄደውን ወፍ ምን እንጠይቃታለን? ወይስ መልእክት እንልክባታለን? ይህ የትውልዳችን ጥያቄ ነው፤ በቀጥታ የጻፈበት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሽመላዋን ሲያመጧት በማዕበል ላይ ያበሯታል። ሽመላ ደግሞ በሰፊ ባሕር ላይ መብረር አትወድም፤ ክንፏን ዘርግታ የምትንሳፈፍበት ሞቃት አየር ከየብስ ነው የሚነሣው። ሜዲትራኒያንን በየብስ የምትዞረውም፣ በዚህች ምድር ላይ የምታልፈውም ለዚህ ነው። ይህ ተራ የእርማት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ወፏ የየብስ መንገድ እንደምትፈልግ ያወቀ ጸሐፊ፣ በእግራቸው ሱዳን የደረሱትን ከእሷ ጋር ለማያያዝ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ሌሎች የሠሩልን፣ እኛ የሠራነው

ናፍቆታችንን በዕብራይስጥ ካሳወቁት ሥራዎች ሁሉ «ሃማሳ ለኤሬጽ እስራኤል» የተባለውን ዘፈን የሚያክል የለም። ግጥሙ የሐይም ኢዲሲስ፣ ዜማው የሽሎሞ ግሮኒክ ነው፤ ግሮኒክ ከሼባ የሕፃናት መዘምራን ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሰምቶታል። በትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት ላይ ያልዘመረው ካለ እጁን ያውጣ። ዘፈኑ ጨረቃ፣ በረሃ፣ በልጅ ጀርባ ላይ ትንሽ ስንቅ፣ የምታበረታታ እናት ይዟል። ጥንካሬው የት ላይ ነው? መጨረሻው ላይ። ልጁ ከደረሰ በኋላ እናቱ አጠገቡ የለችም፤ ይሁዲነቱን ለተጠራጠሩት እንድታስረዳለት ይመኛል። በሥነ ሥርዓት ላይ ጉዞውን ብቻ የሚያደንቅ አድማጭ ይህን ያልፈዋል፤ ዘፈኑ ግን መድረስ የናፍቆት ማብቂያ እንዳልሆነ ነግሮታል።

ድክመቱ የዘፈኑ ብቻ አይደለም፣ የአጠቃቀማችንም ነው። ከእሱ በኋላ በየጽሑፉ ጨረቃና በረሃ ብቻ ሆነ። በሱዳን መንገድ ያለቁት 4,000 ገደማ ሰዎች በኸርጽል ተራራ መታሰቢያ አላቸው። መታሰቢያ የሌለው ግን ከመንገዱ በፊት የነበረው ኑሮ ነው፦ ወንዙ፣ አንጥረኛው፣ የሸክላ ሠሪዋ እጅ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር የነበረው ቂምና ጉርብትና። ጉዞውን ብቻ የወረሰ ትውልድ የሚናፍቀው መንገድን እንጂ ቤትን አይደለም።

በዚህ ረገድ ሁለት ፊልሞች ወደ ፊት ይራመዳሉ። የባዚ ጌጤ «ቀይ ቅጠሎች» (2014) የ74 ዓመት ሽማግሌ ታሪክ ነው፦ መሰጋኞ ታደለ፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት ሊኖር ይነሣል። ከሼክስፒር «ኪንግ ሊር» ጋር መነጻጸሩ ትክክል ነው። ርዕሱ ያው የተውሶው ቅጠል ነው፤ ፊልሙ ግን ቅጠሉን አየር ሁኔታ አላደረገውም፣ ሰው አደረገው። ሽማግሌው ጣፋጭ አያት አይደለም። ይቆጣል፣ ያዝዛል፣ ልጆቹ በቤታቸው የሚሠሩትን አይቀበልም። በእኛ ጽሑፎች ውስጥ ሻሽ አስራ ቡና ከምታፈላው ዝም ያለች አያት ይልቅ ይህ ሰው በሕይወት አለ። የጎደለው ደግሞ ይታያል፦ ካሜራው ከአባትየው ስለማይለይ፣ ልጆቹ የሚናፍቁት ነገር ካለ አናውቅም። እኛ በዚያ ታሪክ ውስጥ ልጆቹ ነን፤ ያ ክፍል ገና አልተጻፈም።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የእስራኤሉን አባት የተጫወተው ደበበ እሸቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ቴአትር ሰው፣ በ1973 «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይም የታየ። የእኛን አባት ፊት ለማሳየት ከአገር ቤት ተዋናይ መጣ። ይህን እንደ እጥረት ማየት ይቻላል። እኔ ግን እንደ ሽመላዋ መልስ አየዋለሁ፦ ከዚያ የመጣ ሰው እዚህ ስላለው ሰው ደኅንነት ሲናገር።

የዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ» (2018) ደግሞ ናፍቆቱን ከመለየት በፊት ይጀምረዋል። ቦታው አዲስ አበባ፣ ጊዜው 1989፣ የደርግ ጦርነት መጨረሻ። ሚና የ16 ዓመት አይሁዳዊት ናት፤ ወደ እስራኤል ልትሄድ ነው፤ የምትወደው ክርስቲያን ልጅ ኤሊ በግዳጅ ወደ ጦር እንዳይወሰድ በበለስ ዛፍ ውስጥ ይደበቃል። እዚህ ላይ ኢየሩሳሌም የነፃነት ስም ብቻ አይደለችም፤ የምትወደውን የምትተውበት ዋጋም ናት። በቤታችን «እልልታ» ብቻ ሆኖ የተነገረን የመውጣት ታሪክ፣ ለአንዲት ልጅ እንዲህም ነበር። ይህን ማወቅ ወደዚህ መምጣትን አይቀንሰውም። ሙሉ ያደርገዋል።

ያላዩትን መናፈቅ

«አንተ እዚህ ተወልደህ ምን ይናፍቅሃል?» ይባላል። ከሁለት ወገን ይመጣል። የአገሬው ሰው ሲጠይቅ ጥርጣሬ አለበት፦ ገና አልለመዳችሁም እንዴ? የእኛ ሽማግሌዎች ሲጠይቁ ሐዘን አለበት፦ ይህን ሁሉ መከራ ያየነው እናንተ መልሳችሁ ያንን እንድትናፍቁ ነው እንዴ? ጥያቄው የቁም ነገር ነው፤ በ«መብቴ ነው» አይመለስም።

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል። ትዝታና ናፍቆት አንድ አይደሉም። ትዝታ ያየኸው፣ የኖርከው ነገር ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ በዘፈንም ስሙን የያዘ ቅኝት አለው። ናፍቆት ግን ማየትን አይጠይቅም። ያላየኸው አያትህ ሊናፍቅህ ይችላል። በዚህ መለኪያ ወላጆቻችን ስለ ጎንደር ትዝታ አላቸው፤ እኛ ናፍቆት ብቻ ነው ያለን። አያቶቻችንስ ስለ ኢየሩሳሌም? እነሱም ትዝታ አልነበራቸውም። አላዩአትም። ናፍቆት ብቻ ነበራቸው፣ እሱም ስንት መቶ ዓመት ቆየ።

ስለዚህ ከወላጆቻችን ይልቅ ለአያቶቻችን የምንቀርብበት አንድ ቦታ ይህ ነው። ያላዩትን መናፈቅ ከእነሱ የወረስነው ሙያ ነው። ኤስቴር ራዳ በዚህ አገር ተወልዳ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» ስትዘፍን የምትሠራው ይህን ይመስለኛል፤ የራሷ ትዝታ አይደለም፣ ግን ተውሶም አይደለም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ እሱን መደበቅ የለብንም። የአያቶቻችን ናፍቆት ዋጋ ያስከፍል ነበር፦ ጾም፣ ጉዞ፣ በጎረቤት ዘንድ ባዕድ መባል። የእኛ ናፍቆት ብዙ ጊዜ ምንም አያስከፍለንም። የላሊበላ ሥዕል ያለበት ካናቴራ፣ አንድ የቴዲ አፍሮ ዘፈን፣ በባሕሩ ዳር አንድ ፎቶ። አማርኛ «ወንዝ አያሻግርም» የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ዋጋው ምን ሊሆን ይችላል? ትልቅ ነገር አይደለም፦ ፊደል መማር፣ ከአያት ጋር አንድ ሰዓት ሳይቸኩሉ መቀመጥ፣ ያልገባንን ቃል ሦስት ጊዜ መጠየቅ።

ይህች ባሕር የእኛ ብቻ አይደለችም

ስለ አሽቀሎን ባሕር የሚጽፍ ሰው ቦታውንም ማወቅ አለበት። የአማርኛው መጽሐፍ ከተማዋን አስቀሎና፣ ሰፈራችን የተሰየመለትን ሰው ሶምሶን ይለዋል። ሶምሶን በመጽሐፈ መሳፍንት እንቆቅልሽ ጠይቆ፣ ዕዳውን ለመክፈል ወደ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰው ገደለ። እኛ የምንኖርበት ሰፈር ስም ያወጣው ይህ ሰው ነው፤ ከባሕር ዳርቻዎቹም አንዱ ደሊላ ይባላል። በቀልዱ ብቻ አንድ ጥሩ አጭር ልቦለድ ይወጣዋል።

ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ያለው የከነዓናውያን በር 4,000 ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አይቀረው፤ ስንቱ ሕዝብ በዚህ ወደብ መጥቶ ሄዷል። ከከተማዋ ክፍሎች አንዱ ሚግዳል፣ መጅደል የሚባል የአረብ ከተማ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎቹ እስከ 1950 ድረስ ወደ ጋዛ ተወስደዋል። እነሱም ይህን ባሕር ይናፍቃሉ። የሌላውን ናፍቆት ማወቅ የእኛን አያሳንሰውም፤ «ቤት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድንጽፈው ያደርገናል እንጂ። ከጥቅምት 2023 ወዲህ ደግሞ ይህች ጠረፍ ሌላ ሸክም አላት። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በዚኪም ባሕር ዳር የሆነውን፣ በከተማችን ላይ የዘነበውን ሮኬት ያየ ሰው፣ መጸውን በባሕር ዳር እንደ ድሮው ሊጽፈው አይችልም። ባዶ ታዬሌት ለእኛ አሁን የግጥም ጸጥታ ብቻ አይደለም። ይህን እያወቀ ስለሚረግፍ ቅጠል የሚጽፍ፣ የሚያየውን አልጻፈም።

እንግዲህ ምን እንጻፍ?

ትችት ሲያበቃ «እሺ፣ ምን እናድርግ?» መባሉ ተገቢ ነው። ሦስት ሐሳብ አለኝ።

የመጀመሪያው፣ ከመግለጽ በፊት እንጠይቅ። በሺምሾን ሰፈር በየወንበሩ ነጠላና ጋቢ ለብሰው የሚቀመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ሲጠይቋችሁ መልሱንና መልሳችሁ ጠይቁ፦ የእርስዎ ወንዝ ስሙ ማን ይባላል? ስለ አገር ቤት በጠቅላላው ብትጠይቋቸው «ደኅና ነበር» ብለው ያልፏችኋል። የወንዙን ስም ስትጠይቁ ግን ድልድይ ይመጣል፣ ሙላት ይመጣል፣ የተወሰደ በሬ ይመጣል፣ በዚያ የታጠበች ሙሽራ ትመጣለች። አማርኛው የማይገባችሁ ከሆነ ወይም እሳቸው ትግርኛ ተናጋሪ ከሆኑ፣ አስተርጓሚ የሆነውን ዘመድም በጽሑፉ ውስጥ አስገቡት። መተርጎሙ ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

ሁለተኛው፣ ሁለቱን መጸው አንድ ላይ እንጻፍ። በዕብራይስጥ ስንጽፍ መጸው አበባ እንደሆነ አንርሳ፤ በአማርኛ ስንጽፍ ዮሬን አንርሳ። አንዱን ለሌላው ማስገዛት አያስፈልግም። ሁለት ቋንቋ ያለው ጸሐፊ አንድ ደመና ላይ ሁለት ጊዜ ማየት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ተራማጁ ብቻውን አይሁን። ናፍቆት በእኛ ዘንድ በጋራ የሚወጣ ተራራ ነበር። በሚመጣው ሔሽቫን፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ከመውጣታችን በፊት፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ባሕሩ ውረዱ። የሚሉትን ጻፉ፣ ዝም ቢሉም ዝምታቸውን ጻፉ።

«አገር ቤት» በሚለው ቃል ልጨርስ። አያቶቻችን ጎንደር ሆነው «አገራችን» ሲሉ ኢየሩሳሌም ማለታቸው ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ በዚያው አፍ «አገር ቤት» ሲሉ ጎንደር ማለታቸው ሆነ። በአንድ ሰው ዕድሜ ቃሉ ቦታውን ለወጠ። እኛም አንድ ቀን ከዚህ ርቀን፣ ለትምህርትም ይሁን ለሥራ፣ «አገር ቤት» ስንል ሺምሾን ማለታችን ይሆናል፤ የፊከሱ ጥላ፣ የሚንን ሽታ ከበርበሬ ጋር፣ የእናቶች ድምፅ በበረንዳ። ያኔ ልጆቻችን ስለዚህ ሰፈር ሊጠይቁን ይችላሉ። መልስ የሚኖረን ዛሬ የጠየቅን እንደሆነ ነው።